ማን ታመመ?

የዱባ ሾርባ ዱባን ከካሮት፣ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ቀቅሎ፣ አንድም ጓል እስከማይቀር ፈጭቶ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ነው። ሥራው ከሽሮ እምብዛም አይከብድም፤ ከዶሮ ወጥ ጎን ሲቀመጥማ ሥራ ተብሎም አይጠራም። የሚከብደው የቤቱን ሰው ማሳመን ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሾርባ የክብር ቦታ አለው፤ ከዚያ ውጭ ግን በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ያለ ምክንያት ገበታ ላይ አይወጣም። ምክንያቱም ጉንፋን፣ የተነቀለ ጥርስ ወይም ከሆስፒታል የተመለሰ ዘመድ ነው። ስለዚህ በደህና ቀን፣ ለጤነኛ ሰዎች የዱባ ሾርባ የቀረበ እንደሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ታመመ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ምሳውስ?» ይሆናል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሄይቲ ጥሩ መልስ አላት። አገሪቱ ነፃነቷን ያወጀችው በ1804 እ.ኤ.አ.፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ነው። የአገሬው ሰው በየዓመቱ በዚያው ቀን «ሱፕ ጁሙ» የሚባለውን፣ ዱባና የበሬ ሥጋ ያለበትን ሾርባ ይጠጣል። በባርነት ዘመን ሾርባውን የሚያበስሉት ባሮቹ፣ የሚጠጡት ግን ጌቶቹ ብቻ ነበሩ ተብሎ ይተረካል፤ የነፃነት ቀን ሾርባ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዩኔስኮም በ2021 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ድል ያደረገ ሕዝብ ሾርባ ከጠጣ፣ ጉንፋን ያልያዘው የአዲስ አበባ ሰው የማይጠጣበት ምክንያት የለም።

ዱባው ራሱም ከዚያው ወገን የመጣ ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት፣ ተራቾቹ ካሰቡት በላይ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱ በአንድ አጥር ላይ ተጠላልፈው ይሳባሉ፤ በዕፅዋት ተመራማሪዎች ዘንድም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የትውልድ አገራቸውን ግን ውቅያኖስ ይለየዋል፤ ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ዱባ የአሜሪካ ነው። በሜክሲኮ ዋሐካ ግዛት ከአንድ ዋሻ የተገኙ ፍሬዎች፣ ሰው ዱባን ማልማት የጀመረው ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አሳይተዋል። ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ ነው። እንግዲህ ዱባ ኢትዮጵያ ከገባ ቢበዛ 500 ዓመት ቢሆነው ነው። በርበሬም እንደዚሁ አሜሪካ ሠራሽ ነው። ሁለቱ በጾም ቀን አንድ ድስት ውስጥ ሲገናኙ ግን ከጥንት ጀምሮ እዚሁ የነበሩ የአገር ሽማግሌዎች ይመስላሉ።

ወደ ሥራው ሲገባ መጀመሪያ ያለው ግዢ ነው። ሙሉ ዱባ የሚገዛ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ዱባ ለመብላት የተስማማ ሰው ነው። ለአንድ ድስት ሾርባ ጉሊት ላይ ተቆርጦ የሚሸጠው ይበቃል፤ ጥቅሙም ሆዱ ስለሚታይ ነው። ሥጋው ደማቅ ብርቱካናማና ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ጣፋጭ ነው፤ ገርጣ ብሎ ውሃ ያቀረረና ጭረቱ የበዛ ከሆነ ሾርባው ቀጥኖ ይቀራል። ሙሉውን ለሚገዛ፣ ቅርፊቱ ጥፍር የማይቀበል፣ ዘንጉ የደረቀና ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ይመረጣል። ብዙ ገዢዎች በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሮ ይሰጣሉ፤ ምን እንደሚሰሙ ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። «እማማ፣ ይጣፍጣል?» ብሎ መጠየቅም የሚጨምረው ነገር የለም። ሻጯ «ልጄ፣ ማር ነው እኮ!» ከማለት ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

አሜሪካ ላሉ ባለሙያዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር በየሱቁ ደጃፍ ተከምሮ የሚታየው ትልልቅ ዱባ ለሃሎዊን ዓይንና ጥርስ ሊቀረጽበት የተመረተ ነው። ሥጋው ሳሳ ያለና ውሃ የሚበዛበት፣ ጣዕሙም ደካማ ነው። ለሾርባ የሚሻለው አንገቱ ረዘም፣ ሆዱ ሞላ ያለው፣ ባተርነት የሚባለው ነው፤ ቅርፊቱም ለቢላ አያስቸግርም።

ከመቀቀሉ በፊት ጥሬውን በምላስ ጫፍ መቅመስ ይጠቅማል። አልፎ አልፎ መራራ ዱባ ያጋጥማል። ምሬቱ የሚመጣው ተክሉ ራሱን ከሚበሉት ለመከላከል ከሚሠራው መርዛም ንጥረ ነገር ሲሆን ቢቀቅሉትም አይጠፋም፤ ሆድ ያውካል። እንዲህ ያለውን በስኳር ሸፍኖ ለማለፍ መሞከር አይገባም፤ ይጣላል።

ዱባ መላጥ የወጥ ቤቱን ሰላም የሚያደፈርስ ሥራ ነው። ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ቅርጹ ይሽከረከራል፣ ቢላውም ዱባውን ትቶ ወደ ጣት ያዘነብላል። ብልሃቱ መጀመሪያ ለሁለት ከፍሎ ጠፍጣፋውን ወገን መክተፊያው ላይ መድፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። ቅርፊቱ እምቢ ካለ ደግሞ ከነቅርፊቱ በትልልቁ ቆርጦ ቀቅሎ ሥጋውን በማንኪያ መፋቅ ይቻላል። ምድጃቸው ኦቨን ያለው ቤቶች በ200 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ያህል ቢጠብሱት ስኳሩ ወደ ቡናማነት ስለሚለወጥ ጣዕሙ እጥፍ ይሆናል። ኦቨን የሌለው ቁርጥራጩን ብረት ምጣድ ላይ ጠርዙ እስኪጠቁር ቢያገላብጠው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ፍሬው አይጣልም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው ነካ ተደርጎ ከተቆላ ጥሩ ቆሎ ይወጣዋል፤ ሾርባው ላይ ተነስንሶ ሲቀርብም ለጥርስ ሥራ ይሰጣል። የቀድሞ ሰዎች የዱባ ፍሬን ለኮሶ ትል መድኃኒትነትም ያውቁታል። ይህንን ግን እንግዳ ሾርባውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ማንሣት አያስፈልግም።

ለስድስት ሰው የሚሆነው ልክ የሚከተለው ነው፦ ተልጦ 1 ኪሎ ዱባ፣ 2 ካሮት፣ 1 መካከለኛ ድንች፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ቢገኝ 1 ባሮ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 ሊትር ያህል ውሃ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና ፍሪጅ የመክፈት ፈተና ነው። «የአትክልት ሾርባ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ከሰኞ ጀምሮ የጠወለገው ሁሉ የሚገባበት ድስት ነው። ዝኩኒ ይግባ፤ የዱባ የቅርብ ዘመድ ነውና ጠብ አያነሣም። ስኳር ድንች ከገባ ሾርባው ወደ ጣፋጭ ምግብነት ይሄዳል። ጥቅል ጎመን ብዙ ሲፈላ የሚያወጣው ሽታ ጎረቤት ድረስ ይደርሳል። ቀይ ሥር የገባ እንደሆነ ዱባው መኖሩን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ቆስጣ ከዱባ ጋር ሲፈጭ ደግሞ ብርቱካናማና አረንጓዴ ተደባልቀው የወታደር ልብስ ቀለም ይወጣቸዋል፤ ቆስጣ የሚወድ ሰው ከትፎ ሾርባው ከተፈጨ በኋላ ይጨምረው።

ማቁላላቱ ላይ የአገሩ ልምድ ጣልቃ ይገባል። ለወጥ ሽንኩርት እስኪጠቁር ድረስ ይቁላላል፤ ለዚህ ሾርባ ግን ዘይት ገብቶበት በዝግታ እሳት፣ መልኩን ሳይቀይር መለስለስ ብቻ ነው ያለበት፤ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ በመጨረሻው ደቂቃ ይገባሉ። አደገኛው ጊዜ ይህ ነው። ሽንኩርቱ ሲሸት እጅ ጌታውን ሳያማክር ወደ በርበሬው ዕቃ ይሄዳል። በርበሬው ከገባ የሚሠራው ነገር ዱባ ወጥ ነው፤ ዱባ ወጥ ደግሞ የተከበረ ምግብ ስለሆነ ማንም አይከፋም፤ እንጀራ ማቅረብና ሾርባውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው።

እጁን የገታ ሰው ዱባውን፣ ካሮቱንና ድንቹን ጨምሮ ለ5 ደቂቃ ካገላበጠ በኋላ ውሃ ያፈስሳል። ውሃው አትክልቱን ለጥቂት ቢሸፍነው ይበቃል። የቀረው ከተፈጨ በኋላ ይጨመራል፤ የቀጠነ ሾርባን መልሶ ማወፈር ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ማቆየት ነው። ከውጭ የመጣ የምግብ መጽሐፍ «20 ደቂቃ ይቀቀል» ቢል አዲስ አበባ ላይ ማመን አይገባም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ካሮቱ ሹካ ሳይታገል እስኪያሳልፍ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በፕሬሸር ኩከር 10 ደቂቃ ይበቃል። ካሮቱ ካልበሰለ የቀረው ሁሉ ቢበስልም ሾርባው አይልምም፤ መመዘኛው እርሱ ነው።

መፍጨቱ የዚህ ሥራ አስፈሪው ክፍል ነው። የሚንተከተክ ሾርባ ጁስ መፍጫ ውስጥ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ የሚያስነሣ ሰው ጣሪያውን ብርቱካናማ ቀለም ይቀባል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ይወረውረዋልና። ስለዚህ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ መፍጫው ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ በክዳኑ መካከል ያለችው ትንሿ መክደኛ ትነሣና ቀዳዳው ላይ የታጠፈ ፎጣ ይደረግ፤ ፍጥነቱም ከዝቅተኛው ይጀመር። በእጅ ተይዞ ድስቱ ውስጥ የሚነከረው መፍጫ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል፤ የፈጠራ ባለቤትነቱን በ1950 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ሮዤ ፔሪንዣኬ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው። የቤቱ መፍጫ ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭበት የኖረ ከሆነ ለሾርባው ችግር የለውም። ችግሩ በማግስቱ የማንጎ ጁስ ለሚጠጣው ነው።

መብራት የሚጠፋው ደግሞ አትክልቱ በስሎ፣ መፍጫው ተሰክቶ፣ እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ነው። በዚህ ጊዜ መደናገጥ አያስፈልግም። የተቀቀለውን ወንፊት ላይ አድርጎ በጭልፋ ጀርባ እያሹ ማሳለፍ ይቻላል። ዝነኛው ፈረንሳዊ የምግብ ባለሙያ ኦጉስት ኤስኮፊዬ ትልቁን መጽሐፉን በ1903 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የኤሌክትሪክ መፍጫ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ የዘመኑ ባለጸጎች የሚጠጡት የላመ ሾርባ ሁሉ በወንፊት ያለፈ ነው። ክንድ ይደክማል እንጂ ሾርባው እንዲያውም ከመፍጫው የተሻለ ይልማል።

ይኸው ኤስኮፊዬ ወፍራም ሾርባዎችን ሲመድብ አትክልቱን በራሱ ፈጭቶ የሚሠራውን ለብቻ፣ ክሬም የሚገባበትን ለብቻ አስቀምጧል። የዘመኑ ሰው ግን ሁለቱን አደባልቆ፣ ያለ ክሬም ልስላሴ የለም ብሎ ያምናል። ከውጭ የመጣ ክሬም ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ይዞራል፤ ዋጋውን ሲያይም የሾርባውን ሐሳብ ይተዋል። ልስላሴው የሚመጣው ግን ከካርቶን አይደለም። ዱባ ውስጥ ያለው ፔክቲን ውሃውን ይይዛል፤ የድንቹ ስታርች ያወፍረዋል፤ በቁሌቱ የገባው ዘይት ደግሞ መፍጫው ውስጥ ዓይን ወደማያያቸው ጠብታዎች ተሰባብሮ በሾርባው ውስጥ ይበተናል። ምላስ ክሬም ብሎ የሚረዳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ምስጢሩ ለግማሽ ደቂቃ ሳይሆን ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ መፍጨት ነው። ድንቹን ማብዛት ግን ነገሩን ያበላሸዋል፤ ብዙ ድንች ብዙ ሲፈጭ ሙጫ ይሆናል።

ይህ ለጾመኛ ትልቅ ዜና ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የሁዳዴ 55 ቀን አለ፣ የነቢያትና የፍልሰታ ጾም አለ፤ በነዚህ ሁሉ ቀናት ወተትና ቅቤ ድስቱ አጠገብ አይደርሱም። ክሬም ይምሰል ካስባለም ጓዳው ውስጥ ከማንኛውም የውጭ ካርቶን የቀደመ ሱፍ አለ። ሱፍ ፍትፍት የምትሠራ እናት የጾም ክሬም ስትሠራ መኖሯን ማንም አልነገራትም። አንድ ስኒ ሱፍ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በውሃ ሲጠለል ነጭ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ገለባው አንድ እንኳ ካለፈ ጥርስ ውስጥ ስለሚቀር ማጥለያው ስስ ጨርቅ ይሁን። ይህ ፈሳሽ ሾርባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመራል፤ ከፈላ ይቋጥራል። ሱፉ ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም አንድ እፍኝ አጃ አብሮ ተቀቅሎ መፈጨት ይችላል። ኦቾሎኒው ጣዕሙን ይዞት ይሄዳል፤ አጃው አይሰማም።

በፍስክ ቀን አንድ ስኒ ወተት ወይም አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ያምርበታል። ንጥር ቅቤ ግን ቅመሙን ይዞ ስለሚገባ ሾርባውን ወደ ወጥ ይጎትተዋል። እርጎ ፈልቶ ስለሚበጣጠስ ሳህን ላይ ብቻ ጠብ ይደረግ። ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበት ሾርባ ላይ ወተት ማፍሰስ አይብ ለመሥራት ካልሆነ አይመከርም። ያለ ስብ ሙሉ በሙሉ መሥራትም አይጠቅምም፤ ዱባውንና ካሮቱን ያቀላውን፣ ሰውነት ቫይታሚን ኤ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር አንጀት በደንብ የሚቀበለው ከስብ ጋር ሲመጣ ነው። ክብደት ለሚቀንሱ ሰዎች የሚነገረው፣ 100 ግራም ጥሬ ዱባ 26 ካሎሪ ገደማ ብቻ እንዳለው ነው። ይህ ቁጥር የቅቤ ዳቦውን አይጨምርም።

ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ቁንዶ በርበሬና አንድ ቆንጥር ጦስኝ ለዱባ ጣፋጭነት ልክ ናቸው፤ ገውዝ የሚያገኝ ጥቂት ይፈግፍግበት። ኮረሪማ ከሁለት ፍሬ ካለፈ ሾርባው ቡና ይሸታል።

አቀራረቡ ላይ የሾርባ ማንኪያው ተራ ይደርሰዋል። በብዙ ቤት ይህ ማንኪያ ዕድሜውን በሙሉ በርበሬ፣ ስኳርና የልጅ ሽሮፕ ሲሰፍር የኖረ ሲሆን ሾርባ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ዳቦ ተቆርጦ ምጣድ ላይ ቢሞቅ ይመረጣል። እንጀራ ፈርፍሮ የሚጨምርበትም አይጠፋም፤ ይህ ሰው ሊወቀስ አይገባም፤ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም ሾርባ የሚፈስሰው የተቆረሰ ዳቦ ላይ ነበር። «ምሳውስ?» ለሚለው ግን በሰፊው መከራከር አያስፈልግም። ግማሽ ስኒ ቀይ ምስር ክክ ከአትክልቱ ጋር አብሮ ቢቀቀልና ቢፈጭ ቀለሙን ሳያበላሽ ፕሮቲን ይጨምርለታል፤ ሁለት ሳህን የጠጣ ሰው እስከ ማታ ዝም ይላል።

የተረፈው ሲቀዘቅዝ ተሸፍኖ ፍሪጅ ይገባል። በማግስቱ ገንፎ ሆኖ ይገኛል፤ ግማሽ ስኒ የፈላ ውሃ ጨምሮ በዝግታ ማማሰል ይመልሰዋል። ሱፍ የገባበት በማግስቱ ይለቅ፤ ወተት የገባበት ከ3 ቀን አይለፍ። ፍሪዘር ውስጥ ለማክረም የሚፈልግ ሰው ወተቱንና ሱፉን ሳይጨምር አትክልቱን ብቻ ፈጭቶ ያስቀምጥ፤ የቀረው በሚጠጣበት ቀን ይጨመራል።